ሐዲድ ላይ ሰላምታ የለም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለመሐመድሰዒድ፤ ጅቡቲ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የወደቡ ሙቀት እንዴት አድርጎዎታል? ያ በክረምት የጀመረዎት ሳል ለቀቀዎት ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳዎታል? እትዬ ዙለይካስ ደኅና ናቸው? ልጅዎ አብዱናሲር መሄድ ጀመረ ወይስ ገና ግድግዳ ይዞ ነው? እኛ ለአላህ ምስጋና ይድረሰውና በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ልጽፍልዎ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ቤቱ ያለ አባባ ቤት አልሆን ብሏል።

ደብዳቤዎ በነጋዴ እጅ ደርሶናል፤ ለእናታችን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አባባን ያላዳነው ጆቴ ከደጃችን እንዳይደርስ፣ ከመንገድ ጠባቂዎቹም እንዲወጣ ብለው አዘዋል። እዚያ ላይ ስደርስ ዘልዬ ልለፈው ብዬ ነበር፤ እናታችን ግን ነገሩ ገባቸውና አንድም ሳታስቀር አንብብ አሉኝ፤ አነበብኩት። እርስዎ ለቀብሩ እንኳ ሳይደርሱ ብቻዎን በሰው አገር ያለቀሱ ነዎትና አልፈርድብዎትም። ትእዛዝዎን ግን አልፈጸምኩም። እንዲያውም ተቃራኒውን አድርጌአለሁ። ከመንገደኛ ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የመንገድ ጠባቂዎቹ ማኅበር እርስዎ ከሄዱ በኋላ የተቋቋመ ስለሆነ በደንብ አያውቁትም። በጣቢያው አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት የምንማር ልጆች ነን። ከአዲስ አበባ የሚመጡት የጭነት ኦቶሞቢሎች እየበዙ ሄዱ፤ ባቡሩም ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። አንዲት ውሃ ቀጂ ልጅ በኦቶሞቢል ተገጭታ ስትሞት መምህራችን መምህር ገሠሠ ሰበሰቡንና በገበያ ቀን መሻገሪያው ላይ ተራ አስገቡን። ሁለቱ ከወዲህና ከወዲያ ገመድ ይዘው ሰው ያግዳሉ፤ አንዱ በበትር ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ ይዞ ሐዲዱ ዘንድ ይቆማል። ግመል ነጂዎቹ መጀመሪያ ይስቁብን ነበር፤ አንዱማ ገመዱን ለመጫኛ ይሆነኛል ብሎ ሊወስድብን ቃጥቶት ነበር። መሪያቸው እኔ ነበርኩ። አባባ ለደንበኛው ሁሉ ልጄ ባቡር ያስቆማል እያሉ ያወሩ ነበር፤ የማስቆመው ሰዉን እንጂ ባቡሩን አይደለም ብላቸው አልሰሙኝም።

የአባባን ሰላምታ መቼም አይረሱትም። ላምባ ሊገዛ የመጣ ሰው የልጆቹ፣ የበሬው፣ የጎረቤቱ ጤና ተጠይቆ ሳያልቅ ጠርሙሱ አይሞላለትም ነበር። ከመልካሳ በኩል ቅቤ የሚያመጡልን ኦቦ ፈዬራ ደግሞ በዚህ ከአባባ የባሱ ናቸው። ሁለቱ ከተገናኙ እናታችን ምሳውን መልሰው ይከድኑት ነበር።

አባባ በሞቱበት ቀን ቀዩን ጨርቅ የመያዝ ተራው የጆቴ ነበር፤ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ኦቦ ፈዬራ ክረምቱን ሙሉ ታመው ከርመው ገበያ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። አባባ ደግሞ ይሞታሉ ሲባል የሰሙትን ወዳጃቸውን ሐዲዱ መካከል በእግራቸው ቆመው አገኟቸው። እጅ ለእጅ ተያያዙ። አከም ጂርቱ ተባለ፤ ሕመሙ፣ ልጆቹ፣ ላሞቹ፣ ዝናቡ ተጠየቀ። የአዳማ ነፋስ ከአዋሽ በኩል እየነፈሰ ከሞጆ የሚመጣውን የባቡር ድምፅ ወደ ኋላው ይመልሰዋል። ገመድ ያዦቹ ጭሱን አይተው ገመዱን ወጠሩ፤ ጆቴም ሊያስነሳቸው ቀረበ። ግን ሁለት ሽማግሌዎች ሰላምታ ላይ ናቸው። ባቡሩ ገና ሩቅ መስሎት፣ እንደ ልጅ ወጉ አንገቱን ደፍቶ እስኪጨርሱ ጠበቀ። ፉጨቱ አጠገባቸው ሲጮኽ የቀረቡትን ኦቦ ፈዬራን ጎትቶ ጣላቸው። ለአባባ ሲመለስ ባቡሩ ቀደመው።

ለምን አልጮኸባቸውም ብለው ጽፈዋል። ወንድም ጋሼ፣ በአባባ ላይ የሚጮኽ ልጅ በዚህ ከተማ ማን አሳደገ? እኔም ብሆን ቆሜ እጠብቅ ነበር። እርስዎም ቢሆኑ ይጠብቁ ነበር። ታላቅ ሲናገር ጣልቃ አትግባ ብለው ጆሯችንን እየቆነጠጡ ያስተማሩን እኮ ራሳቸው አባባ ናቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ማንን እንደምከስ አላውቅም።

እንግዲህ የአባባ ሱቅ ሰው ይፈልጋል፤ እኅታችን ፋዲላም ገና ልጅ ናት። ስለዚህ ትምህርቱን ትቼ ሱቅ ገብቻለሁ። በዚህ አይዘኑብኝ፣ ሌላ መንገድ አልነበረም። ከማኅበሩ ስወጣ መሪነቱን ማስረከብ ነበረብኝ። ወጋችን ተሰናባቹ ራሱ ተተኪውን መርጦ፣ መሻገሪያው ላይ በሁሉም ፊት በትሩን ማስያዝ ነው። ሁሉም የጠበቁት አስፋውን ነበር፤ ድምፁ ከባቡሩ ፉጨት አይተናነስም፣ ልጁም ጎበዝ ነው። እኔ ግን ጆቴን ጠራሁ። ጆቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ከኋላ ተቀምጦ ተምሮ፣ ከማንም ሳይነጋገር ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ልጆቹ አጉረመረሙ። እሱም እንዳልሰማ ሆነ። ደግሜ ስጠራው መጥቶ ፊቴ ቆመና ይህን በትር ከምይዝ እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል አለኝ። በትሩን እንደያዝኩ ክንዱን ይዤ ወደ ቤታችን ወሰድኩት።

እናታችን በአባባ ሐዘን ዒዳ ላይ ስለሆኑ ከቤት አይወጡም። እሱን ከደጅ አስቁሜ ገብቼ ነገሩን ነገርኳቸው። ደብዳቤዎን ሰምተዋል፤ የሚያደርጉትን እያወቁ ነው ግባ በለው ያሉኝ። ጆቴ ደፉን አልፎ መግባት አልቻለም፤ እዚያው ተቀመጠ። እናታችን ከመጋረጃው ኋላ ሆነው ይህን ብቻ አሉት።

«ልጄ፣ ያስተማሩህን ነው ያደረግከው። ከእንግዲህ ግን እስኪጨርሱ አትጠብቅ። ማንም ይሁን፣ የገዛ አባትህም ቢሆኑ፣ ጎትታቸው። የሚቆጣህ ካለ እኔ ነኝ ያዘዝኩት በል።»

ጆቴ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ። እናታችንም ከመጋረጃው ወዲያ አለቀሱ። እኔ በመካከላቸው በትር ይዤ ቆሜ ወዴት እንደምዞር ቸገረኝ። ቆይቶ እጁን ሲዘረጋ ሰጠሁት። መሪነቴ ያለቀው እንግዲህ በእናታችን ደፍ ላይ ነው።

ጆቴ ሳይውል ሳያድር ከመምህር ገሠሠ ጋር ሆኖ ኢማሙንም ቄሱንም የገበያውንም ሽማግሌዎች ሐዲድ ላይ ቆሞ ሰላም መባባልን እንዲከለክሉ ለመነ። አሁን በገበያ ቀን መሻገሪያው ላይ ቆሞ በአማርኛም በኦሮምኛም ሐዲድ ላይ ሰላምታ የለም እያለ ይለፍፋል። የሚቆጣው ብዙ ነው። አንዲት ትልቅ ነጋዴ ሴት ከእህታቸው ጋር ሲሳሳሙ ነጠላቸውን ይዞ ቢጎትታቸው ያልተቀጣ ብለው ሰደቡት። አሻግሯቸው ሲያበቃ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ። ድምፁ ግን የአስፋውን አላከለም፤ ማታ ማታ ጎርንኖ ነው የሚመጣው።

ኦቦ ፈዬራ ሐዲዱ ዘንድ ሲደርሱ ማንንም ቀና ብለው አያዩም። ተሻግረው ሱቅ ይመጡና ተቀምጠው ሰላምታውን ይጀምራሉ። እናታችንን፣ ፋዲላን፣ እርስዎን፣ ልጅዎን በየስማችሁ ይጠይቃሉ፤ አባባ ዘንድ ሲደርሱ ያቆማሉ። ከዚያ ቅቤውን እመዝናለሁ።

እናታችን እጅግ አድርገው ሰላም ይሉዎታል፤ ሳሉን በዋዛ እንዳያዩት ብለዋል። ፋዲላ እጅዎን ትስማለች፤ ለአብዱናሲር ኮፍያ ጀምራለች፣ ጭንቅላቱ ምን ያህል እንዳደገ ይጻፉላት። መምህር ገሠሠ አላህ ያጽናችሁ ብለዋል። የኦቦ ፈዬራን ሰላምታ ሁሉ ልጻፈው ብል ወረቀቱ አይበቃም። ለእትዬ ዙለይካ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ አብዱናሲርን ሁለቱንም ጉንጩን ይሳሙልኝ። አባባን አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው።

ይህን ስጽፍ ጆቴ ከሱቁ ደጅ ተቀምጧል። ያንተንም ሰላምታ ልጻፍ ወይ አልኩት። እሳቸው ሳይፈቅዱ ስሜ ከሰላምታው አይግባ አለኝ። ስለዚህ ከእሱ ሰላምታ አልጻፍኩልዎትም። ወንድም ጋሼ፣ በመልስዎ ሌላ ምንም ባይጽፉ፣ ስሙን ከሰላምታዎቹ መካከል አንድ ጊዜ ይጥሩልኝ። ደብዳቤዎ ሲመጣ እሱ ባለበት ነው የማነበው።

ታናሽ ወንድምዎ መሐመድዘይን

አዳማ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት