ስለ ቴሌስኮፑ፣ ስለ ደብተሩና ሳይጻፍ ስለቀረው መስመር የሰጠሁት ቃል

እኔ በሰፈሩ «ሰፊዋ» በመባል የምታወቀው፣ ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ ዓመት የሆነ፣ ዛሬ ሐሙስ መጋቢት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የታመመው ልቤ ብቻ ነው፤ እርሱንም ማክሰኞ ይከፍቱታል። ጸሐፊው «ሳቋንም ልጻፈው?» ብሎ ምስክሮቹን ጠይቋል። ይጻፍ! የወንድሜ ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ ዛሬ ገና ቤቴን ረግጣለች፤ ደስ ብሎኝ እንዴት አልስቅ?

በመጀመሪያ፣ ሁለቱን የስፌት መኪናዎች፣ የአዝራር ሳጥኑንና ያልተቆረጠውን የደንብ ልብስ ጨርቅ ሁሉ ለታችኛው ፎቅ ልብስ አጣቢ ሰጥቻለሁ። ስታመም በቀን ሦስት ጊዜ ደረጃውን ወጥታ ሾርባ ያመጣችልኝ እርሷ ናት። ጨው እንደምታበዛ ግን በሕይወት ሳለሁ ይመዝገብልኝ።

ሁለተኛ፣ መነጽር ሠሪው ምስክር ስለሆነ ምንም አላወርሰውም። ይልቅስ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለአንድ ሳምንት ብሎ የወሰደውን የደቡብ ሰማይ ካርታ ይመልስ። «እየተጠቀምኩበት ነው» ይላል። እኛስ ዳቦ ልንጠቀልልበት ነበር እንዴ?

ሦስተኛ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ቴሌስኮፕ ለወንድሜ ልጅ ሰጥቻለሁ። አባቷ፣ ወንድምጋሼ፣ ሊፍት ጠጋኝ ነበር፤ ቴሌስኮፑንም ከውኃ ቧንቧ፣ ከሊፍት ብሎንና መነጽር ሠሪው ስድስት ወር ከሞረደው መስታወት ሠራው። ልብስ በምናሰጣበት ገመድ ሥር ተቀምጦ በእርሱ ጅራታም ኮከብ ሲፈልግ ያነጋ ነበር።

አራተኛ፣ እርሱ ያየውን የጻፍኩባቸውን ሠላሳ ሁለቱን ደብተሮች ለእርሷው ሰጥቻለሁ። ከእነርሱ አንዱ ጉድለት አለበት፤ ሰዎቹን ዛሬ የሰበሰብኩት ለዚህ ነው።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ብርሃን ያየ ዓይን ጨለማን መልሶ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ስለሚፈልግ ወንድምጋሼ ዓይኑን ከመስታወቱ አያነሳም። ያየውን ይጠራል፤ እኔ በቀይ ጨርቅ በሸፈንኩት ባትሪ ሰዓቱንና ቦታውን እጽፍና «ተጽፏል» እላለሁ። ጅራታም ኮከብ ገና ከሩቅ ሳለ ጅራት የለውም፤ የተነፈሱበት መስታወት ይመስላል። መንቀሳቀሱ የሚታወቀው የተጻፈ ቦታ ሲኖር ነው። ያልተጻፈ ነገር እንዳልታየ ይቆጠራል።

የዛሬ ሃያ አራት ዓመት፣ ሊነጋ ሲል፣ «ትንሹ ደመና፤ በስተግራ ሁለት ጣት፤ ጭጋግ መሳይ» ብሎ ጠራ። ትንሹ ደመና የሚለው ደቡብ ሰማይ ላይ የሚታየውን የከዋክብት ክምር ነው። እኔ በዚያ ሰዓት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ የጻፈልኝን ደብዳቤ እያነበብኩ ነበር። ስድስት ገጽ ነው፤ አራተኛው ላይ ነበርኩ። «ተጽፏል» አልኩ። አልጻፍኩም። በኋላ እጽፈዋለሁ ብዬ ረሳሁት። ቆራጩም ሌላ አገባ።

ከዚያ በኋላ ሰማዩ ለአሥራ ስምንት ቀን በደመና ተዘጋ። ሲገለጥ ኮከቡን በባሕር ማዶ ያለ ሰው አግኝቶት፣ በስሙ ተጠርቶ፣ ወሬው ደርሶናል። ቦታው ሲሰላ ያው የጠራልኝ ነው። ወንድምጋሼ ደብተሩን ታቅፎ ወደ ሰማይ ተመልካቾች ማኅበር ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። በሰው ሁሉ ፊት ገለጠው፤ የዚያ ንጋት ገጽ ላይ አራት መስመር አለ፤ የእርሱ ግን የለም።

«አልጻፍሽውም እንዴ?» አለኝ።

«አላልከኝም» አልኩት።

ከገዛ ዓይኑ ይልቅ እኔን አመነ። ሰዎቹ ሳቁ፤ መነጽር ሠሪው «ጭጋጌ» የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም እስከ መቃብር ተከተለው። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጨረቃ እንኳ ወጥታ ሳለ «ላንቺም ይታይሻል?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።

ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ሰማዩ በጠራ ቁጥር፣ ሊነጋ ሲል፣ ከአልጋዬ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ወንበር ሲጎተት እሰማለሁ። «ትንሹ ደመና፤ በስተግራ ሁለት ጣት» ይላል። ከዚያ «ተጽፏል» እስክለው ይጠብቃል። ድምፁን ለምጄዋለሁ፤ ያልለመድኩት መጠበቁን ነው። ሐኪሜ «መድኃኒቱ ነው» አለኝ። መድኃኒቱን የጀመርኩት ዘንድሮ ነው፤ እርሱ ግን ከጀመረ አራት ዓመቱ!

አንድ ቀን በአሮጌ ብዕር፣ ያኔ የተጻፈ አስመስዬ፣ መስመሩን ጻፍኩት። በማግስቱ ንጋት እንደገና ጠራኝ፤ ያውም ፊደል ለሚቆጥር ሕፃን እንደሚያስጽፍ ቀስ እያለ። ተነሥቼ በምላጭ ፋቅኩት። ወረቀቱ እዚያ ላይ ሳስቷል፤ በጣት ይታወቃል።

ስለዚህ ይህ ቃሌ ከሞትኩ በኋላ በማኅበሩ ፊት ይነበብ ብዬ ተናዘዝኩ።

እዚህ ላይ የወንድሜ ልጅ ስለተናገረች፣ የተባለው ሁሉ እንዳለ ይጻፍ አልኩ።

«ከሞትኩ በኋላ?» አለች። «አክስቴ፣ እኔ ለክፍሌ ልጆች ‹ኮከቡን መጀመሪያ ያየው አባቴ ነው› ብያቸው ዓመቱን ሙሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። አንድ ማታ እራት ላይ ውሸታም አልኩት። አንቺ ሳህን ታነሺ ነበር።»

«አነሣ ነበር።»

«‹ልክ ነሽ ልጄ፤ ዓይኔ ነው› አለኝ እኮ! ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እና ዛሬ ሬሳ ሆነሽ በወረቀት ልትነግሪልኝ ነው? ቴሌስኮፑ ይቅርብኝ። ቅዳሜ ማኅበሩ ይሰበሰባል፤ በራስሽ አፍ ትናገሪያለሽ።»

መነጽር ሠሪው «ኧረ ልጄ፣ ልቧ አይችልም» አለ።

«እርስዎ ደግሞ ዝም ይበሉ! ስም አውጪው እርስዎ አይደሉም?»

መነጽር ሠሪው መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር፤ ብዙ ጠረገው።

ስለዚህ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቃል እንዲህ አሻሽያለሁ። ደብተሮቹን የወንድሜ ልጅ ዛሬውኑ ትውሰድ። የቴሌስኮፑን ነገር ከቅዳሜ በኋላ ትወስን። እኔ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ፣ በእግሬ ባልችል በወንበር ተሸክመውኝ፣ ሄጄ እናገራለሁ፤ ብቀር ይህ ኑዛዜ ፈራሽ ይሁን። እስከዚያ ሁለት ንጋት አለ፤ እንዴት እንደማልፋቸው አላውቅም።

«አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ደብተሮቹን በሁለት ፌስታል ከፍላ እያሰረች፣ «እመጣለሁ» አለች። «ግን ካንቺ ጎን አልቀመጥም። ከፊት ነው የምቀመጠው፤ ስትናገሪ ዓይንሽን እንዳየው።»

ይህም ተጨምሮ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጫለሁ።

ተናዛዧ፦ ሰፊዋ (ፊርማ)

ምስክሮች፣ ሲነገርም ሲነበብም የሰማን፦
ጎረቤቷ፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ (ፊርማ)
መነጽር ሠሪው፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ (ፊርማ)፤ ቅዳሜ ከእርሷ ቀጥሎ እኔም የምናገረው አለኝ።
ጸሐፊው (ፊርማ)