ለጎርፍ የሰጠሁት ጆንያ

ሰኔ 2፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ሁለት ጆንያ ደጃፌ ላይ። አንዱ ለሚበሰብስ፣ አንዱ ለማይበሰብስ። የሽንኩርት ልጣጭ ወዲህ፣ ፌስታል ወዲያ። ወገቤ አልታዘዝ ብሏል። ወረዳው ያደለንን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊደል የለየሁት በባለቤቴ አሮጌ ጋዜጦች ነው፤ ዛሬም የተጻፈ ነገር ሳልጨርስ አልተውም። የአየር ንብረት ተለውጧል፣ ዝናቡ ባንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ቦያችንን እንጠብቅ ይላል። ከታች ደግሞ፦ በዝናብ ጊዜ ቆሻሻን ለጎርፍ መስጠት ክልክል ነው። እዚህ ላይ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት
ስብሰባ፣ በዕድሩ ድንኳን። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይ ያለን ግቢዎች በሙሉ። ከወረዳው ጽ/ቤት የመጣችው ልጅ ታስረዳለች፤ የድሮ ቦዮች የአሁኑን ዝናብ አይችሉትም። ጋሽ ምትኩ፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ ዝናቡም እንደናንተ ስብሰባ ሆኗል፣ ሲጠሩት ይቀራል፣ ከመጣ አይለቅም አላት። ሳቅን። እሷም ሳቀች።
ከዚያ ዘይነብ ተነሣች። የታች ቤት ጎረቤቴ፣ ልብስ ሰፊዋ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጎርፍ ቤቷ ገብቶ ነበር። እናቷ አልጋ ላይ ነበሩ፣ መነሣት አይችሉም። እሷ አትክልት ተራ፣ ዝናብ ይዟት። እናትየዋ በራሰ ፍራሽ ላይ ቆዩ። ወር ሳይሞላ አረፉ። ያን ቀን ገበያ ባልወጣሁ እያለች ራሷን ስትወቅስ ኖራለች። ዛሬ ግን ቀለላት። ለካ ጥፋቱ የሰማዩ ነው አለች።
ቀጥላ እኔን ጠቆመች። የቦዩ ኃላፊ እትዬ ብርቄ ይሁኑልን፣ እንደሳቸው ንጹሕ ሰው የለም ብላ። እጅ ወጣ። ዝምታዬን ሰው ጨዋነት ይለዋል።

ሰኔ 8፣ እሑድ
ደብተር፣ ላንቺ እንኳ ጽፌው አላውቅም።
ያን የጎርፍ ክረምት የቆሻሻ መኪናው ቀረብን። ሰፈሩ የሚያደርገውን አደረግሁ። ዝናብ ሲበረታ ቆሻሻን ወደ ቦዩ፤ ጎርፉ ይወስደዋል። ሌላው በፌስታል ይጥላል። እኔ በጆንያ፣ አፉን በሲባጎ አስሬ። ባለቤቴ፣ ጆንያው ትልቅ ነው፣ ተይ አለኝ። አልተውኩም። ጎርፉ ወሰደው፤ ዘይነብ ቤት ጥግ እስካለው ቱቦ ድረስ። በማግስቱ ወንዶቹ የተደፈነውን ቱቦ ሲከፍቱ ጆንያው ወጣ። ቋጠሮው የኔ። ባለቤቴም አየው። እስኪሞት አላነሣውም። እኔም።
ዝናቡ ከባድ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ያ ወረቀት ሰማዩን እንጂ እኔን አያውቀኝም።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት 10
ቦይ ጠረጋ። ጭቃ፣ ነጠላ ጫማ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ዘይነብ አካፋ ይዛ ከጎኔ። እርስዎ ይረፉ፣ እኔ አለሁ ትለኛለች። ከአካፋው ይልቅ ይህ አደከመኝ። ልነግራት ስል ስለ እናቷ ጀመረች። በሕልሟ ደኅና ሆነው አየቻቸው፣ ከስብሰባው ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳታል። ብናገር ይህን ሰላም እነጥቃታለሁ። ዝም የምለው ግን ለሷ ነው ወይስ ለኔ? ደክሞኛል።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 4 ሰዓት
ዶፍ ወረደ። በመስኮት አያለሁ፤ የላይኛው ግቢ አዲሷ ተከራይ ሙሉ ጆንያ ወደ ቦዩ ትጎትታለች። ነጠላ ሳልደርብ ወጣሁ። ጆንያውን ያዝኩ።
«ምነው እማማ፣ ጎርፉ ይወስደው የለ» አለችኝ።
የወረዳውን ወረቀት ልጠቅስላት ነበር። የወጣው ሌላ ነው።
«እኔም እንዲህ ብዬ ነው የዘይነብን እናት የገደልኩት።»
ልጅቱ ጆንያዋን መልሳ ገባች። ዘይነብ በሯ ላይ ቆማለች፣ ፌስታል ራሷ ላይ አድርጋ። ሰምታኝ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዝናቡ ይጮኻል። በእጇ ምን ሆኑ አለችኝ። በእጄ እመጣለሁ አልኳት።
አሁን አባርቷል። ልብሴን ቀይሬያለሁ። ይቅርታ በመጠየቅ አልጀምርም፤ ከጀመርኩ ሳትሰማኝ ታጽናናኛለች፣ አውቃታለሁ። እንደሆነው ነው የምነግራት፣ ከመጀመሪያው። ራሷን መውቀስ አልነበረባትም። ሰማዩንም ብቻውን አትውቀስ። የቦዩን ኃላፊነት ነገር ከዚያ በኋላ እሷ ትወስን። እየወረድኩ ነው።