ከጀንፈሉ ጋር የተኛሁበት ክፍል

ደዶ ላለሽው ታናሽ እህቴ

አሰላሙ ዐለይኪ። አንቺም፣ ቤትሽም፣ ከብቶችሽም በአላህ ጥበቃ እንዴት ናችሁ? ጉልበትሽ ቁልቁለቱን መውረድ ቻለ ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ እበላለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ የቀረኝ ጥርስም ያኝካል። የከዳኝ ቆዳዬ ነው፤ ይህን ያስጻፈኝም እሱ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ እኔ እሺ ስል ያልቃል። ይሄኛውን እሺ ብዬ አልጨርሰውም።

መጀመሪያ ይህን እወቂ። የምትጽፍልኝ ፈድሊያ ናት፤ የልጄ የቲጃኒ ሚስት፣ አርብ ከቤት ልናስወጣት አንቺና እኔ የተስማማንባት። ሌላ ጸሐፊ አጥቼ አይደለም፤ ግቢው የኮሌጅ ተማሪ ተከራይ ሞልቶታል። ግን ከኋላዋ ያልኩትን ፊት ለፊቷም ልበለው ብዬ ነው። «ከአፌ የወጣውን ሁሉ ጻፊ፣ ስድቡን ሳታስቀሪ» ብያታለሁ። ስትጨርስ ተከራይዋን ተማሪ መቅዲን አስነብባታለሁ፤ አንድ ቃል ጎድሎ ባገኝ ወዮላት። እሷ ደግሞ «አባባ፣ ስድቡ ብዙ ከሆነ ወረቀት ልጨምር?» ትለኛለች። ምላሷን ታውቂዋለሽ።

ነገሩ የጀመረኝ ክረምቱ ሲገባ ነው። የክንዴ መታጠፊያ፣ አንገቴ፣ ከጆሮዬ ጀርባ ይቀላል፣ ይሻክራል፤ ሳከው ይረጥባል። ጠዋት አንሶላው ላይ ደም አያለሁ። አንቺ ለመውሊድ መጥተሽ እጅጌዬን ሰብስበሽ አየሽና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ኦቦ ኮ፣ ወንድሜ፣ ይሄ የሰው እጅ ሥራ ነው። ምግብህን የምትሠራው ማን ናት?» አልሽ። ከዚያ ዞረሽ ወደ ማድ ቤቱ አየሽ። ሰዉም ተከትሎሽ አየ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔን ከሷ ላይ አልነቀልኩም። ወጡን ከመንካቴ በፊት እሷ እንድትቀምስ አዘዝኩ፤ ቀመሰችና «ጨው አንሶታል» ብላ ጨመረችበት። ሳሙናዬን ለየሁ። ጋቢዬን ራሴ አጠብኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ የግቢው ሰው እያየኝ። ማሳከኩ ግን አልተወኝም። ታዲያ በየት በኩል ነው የምታስገባው እያልኩ ስመራመር ከረምኩ።

ኋላ ሰቃ ገጠር ያለውን የቡና ማሳዬን ላሳርም ወረድኩ። እዚያ የማሳው ጎጆ ውስጥ ስሰነብት ቆዳዬ ረገበ፣ እንቅልፍም አገኘሁ። ይኸው! አልኩ። ከሷ ስርቅ ዳንኩ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር እፈልጋለሁ? ጅማ ተመልሼ ብዙም ሳልቆይ እንደገና አገረሸብኝ። ደውዬ «አርብ ሽማግሌ ይዘሽ ነዪ» ያልኩሽ ያን ጊዜ ነው።

ለሷም ነገርኳት። አላለቀሰችም። «አባባ፣ ሰቃ የበሉትን ቂጣ የጋገርኩት እኔ አይደለሁም? የቃሪያውን ቆጭቆጫስ ማን ላከልዎት? እጄ ሰቃ ሲደርስ መድኃኒት፣ ጅማ ሲገባ መርዝ ይሆናል? እዚያ የሌለ፣ እዚህ ያለ ምን እንደሆነ ይፈልጉ» አለችኝ።  መልስ ሳጣ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ፤ ጮህኩባት።

በማግስቱ ለማንም ሳልናገር የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ክንዴን ገለበጠች፣ አንገቴን አየች፣ ከዚያ «አባቴ፣ የሚተኙበት ክፍል እርጥበት አለው? ይሸታል?» አለች። ቆዳዬን ላሳይ ብሄድ ቤቴን ትመረምራለች! ፈድሊያ ቀድማ ደውላላት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። «ማን ነገረሽ?» አልኳት። «ቆዳዎ» አለችኝ፤ ሳቀች ደግሞ።

ጭርት አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም አለች። ቤት ሲሻግት ከሻጋታው ዓይን የማያየው ብናኝ ይነሳል፤ ሁሉን ሰው አይነካም፣ ቆዳው ቁጡ የሆነውን ሰው ግን ያስቆጣዋል አለች። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላት «አይደለሁም፤ ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። ቅባቱን ይቀቡ፣ ክፍሉን ያድርቁ፣ ከዚያ ተመልሰው ይምጡና እናያለን» አለችኝ። እርግጠኛ አይደለሁም የሚል ሐኪም ገጥሞኝ አያውቅም። ትንሽ ያመንኳት ለዚህ ነው።

ክፍሌን አንቺ አታውቂውም፤ ማንም አያውቀውም፣ ቁልፉ ወገቤ ላይ ነው። ካለፈው ለቀማ የያዝኩትን ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ዋጋው እስኪነሳ ብዬ ራስጌዬ ካለው ግድግዳ አስጠግቼ በጆንያ ደርድሬዋለሁ። ባለ ቡና ከቡናው ጋር ነው የሚተኛው፤ አባታችንም እንዲያ ነበር። መስኮቱንም ሌባ እንዳያይ በላስቲክ ወጥሬዋለሁ። ፈድሊያ «ልጥረግልዎት» ባለች ቁጥር ጆንያዬን ልታይ ነው ብዬ ከበሩ እመልሳታለሁ። የዚያ ለቀማ ጊዜ ዝናቡም ሌባውም አላስቀመጠንም፤ ጀንፈሉን ከማስጫው ቶሎ አነሳሁት። የላዩን ጆሮዬ ላይ ነቅንቄ ሰምቻለሁ፤ እንደ ደረቀ ቡና ይንኳኳ ነበር። የታችኛውን አልሰማሁም።

ከሐኪም እንደተመለስኩ በሩን ከፍቼ ፈድሊያን ጠራኋት። ጆንያዎቹን ጎተትን። ግድግዳው፣ እህቴ፣ ጠቁሮና አረንጓዴ ሆኖ፣ ጸጉር አብቅሎ የድመት ጀርባ መስሏል፤ ትራሴ እስከሚያርፍበት ድረስ። የታችኛው ጆንያ ተቀደደና ቡናው ነጭ አመድ እንደለበሰ ፈሰሰ። ሲሕሯ፣ ድግምቷ ይሸተኛል እያልኩ የከረምኩት ሽታ እሱ ነው። እሷ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ «አባባ፣ ይሄንንም የዘራሁት እኔ ነኝ?» አለች። ዝም በይ አልኳት። ዝም ብላ ታውቃለች?

ዙሁር ሰግጄ ስመለስ ላስቲኩ ወርዷል፣ ግድግዳው በበረኪና ታጥቧል፣ ፍራሼ ፀሐይ ላይ ነው። አላዘዝኳትም። አሁን የሷም እጅ ቀልቷል፤ በረኪናው ይሁን ሻጋታው አላህ ያውቃል። ከቅባቴ አካፈልኳት። እኔ ግን ጨርሼ አላመንኩም። ክንዴ ረግቧል፣ አንገቴ ገና ነው፤ ምናልባት የሠራው ቅባቱ ይሆናል። እናያለን።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። የመውሊድ ዕለት ክፍሌ በር ላይ ቆመሽ «እዚህ ምን ይሸታል?» ያልሽው አንቺ ነሽ። አፍንጫሽ እዚህ ከደረሰ ምላስሽ ለምን ማድ ቤት ሄደ? የባልሽን እህት ልጅ ረይሃናን ይዘሽ መጥተሽ ነበር፤ ለቲጃኒ እጁን ስታስታጥበው፣ አንቺም ከሩቅ ፈገግ ስትዪ አይቻለሁ። ሽማግሌ ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም። ሂን ታኡ፣ አይሆንም። ከዚህ በላይ አልልም።

አርብ ነዪ። ሽማግሌዎቹንም አታስቀሪ፤ ካስቀረሻቸው የመውሊዱ ወሬ እንዳለ ይቀራል። ክንዴን በሰው ፊት አልገለጥሽም? እኔም በሰው ፊት ክፍሌን እከፍታለሁ። እጅሽን ጆንያው ውስጥ ከተሽ ታያለሽ። ከዚያ ፈድሊያ ያበሰለችውን ቁጭ ብለን እንበላለን፤ መጀመሪያ የምትጎርሺውም አንቺ ነሽ። ስለ ረይሃናም ስለ አርቡም ቲጃኒ ምንም አልሰማም፤ ከኔም አይሰማም። የሚወጣ ሰው የለም። ቤቱ የሷ ነው፤ እኔ ነኝ እንግዳዋ።

ይህን ስል መጻፉን አቆመች። ምነው አልኳት። «እጄ አሳከከኝ፣ አባባ» አለችና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። አላመንኳትም። እሱንም ጻፊው አልኳት።

አላህ ማሳሽን ያብቅልልሽ፣ ከብትሽን ያርባልሽ፣ አፊያውን አይንሳሽ። ምላስሽንም ይጠብቅልሽ፣ የኔንም ይጨምር። አሚን።

ታላቅ ወንድምሽ
ከጅማ