ውኃችንን በፊደል ተራ ላደለው ቤተሰብ

ለተከበሩ አቶ ዓለምነህ ዘውዱ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የሊቀመንበር ልጅ፣ የጭቃ ሹም የልጅ ልጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የመስኖ ውኃንና የእሑዱን ጉባኤ ይመለከታል

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ከነሙሉ አክብሮቱ ይድረስዎ። እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ድንቼ ግን ደህና አይደለም። ባለቤትዎ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አመተ ማርያም እንደምን ናቸው? ወንድምዎ የመሬት ኮሚቴው ጸሐፊ፣ አማችዎ የማዳበሪያ መጋዘኑ ኃላፊ፣ ልጅዎ የውኃ አባታችን አቶ ቻላቸውስ? በሌላ ቀበሌ የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሊቀመንበሩን ቤተሰብ ጤና፣ ቀጥሎም የመሥሪያ ቤቶቹን ደኅንነት ለየብቻ ለመጠየቅ ይገደዳል። እርስዎ ግን አንድ ሰላምታ ለሁለቱም እንዲበቃ አድርገው ስላቃለሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ነጭ ሽንኩርትዎም ጤናው እንደተጠበቀ አያለሁ። በዚህ በየካቲት ፀሐይ የሁላችን ማሳ ጠውልጎ ሳለ የእርስዎ ብቻ ለምልሞ መታየቱ የአስተዳደርዎ በረከት ነው ብዬ እወስዳለሁ።

ስሜ መሪጌታ ጥበቡ ይባላል። በደብራችን ማኅሌት እመራለሁ፤ ከቦዩ አጠገብ ባለችኝ ግማሽ ጥማድ መሬት ደግሞ ድንች እተክላለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የደፈርኩት ባለፈው ሳምንት በቀበሌው በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ካነበብኩ በኋላ ነው። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚደረገው ጉባኤ አቶ ቻላቸው በውኃ አባትነታቸው «ባስመዘገቡት የላቀ ውጤት» ምክትል ሊቀመንበር እንደሚሆኑ፣ የውኃ አባትነቱም ንፋስ መውጫ ለሚማሩት ለታናሽ እኅታቸው ለትዝታ እንደሚተላለፍ ይገልጻል። ውጤቱን ለማየት ጓጉቼ ቦዩን ወንዙ ከሚጠለፍበት ከጠለፋው እስከ ግርጌው በእግሬ ሄድኩበት። ሳላገኘው ስለቀረሁ፣ የዓይኔ ጥፋት እንደሆነ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ያየሁትን ብቻ እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በቅድሚያ ስለ ጽናትዎ ላመስግን። በንጉሡ ዘመን አያትዎ ጭቃ ሹም ካሴ ያስተዳድሩን ነበር። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ሹመቱ ቤት የሚለውጥ የመሰላቸው የዋሆች ነበሩ፤ ከአያት ወደ አባት፣ ከአዳራሹ ወደ ጓዳው ተሻገረና አባትዎ አቶ ዘውዱ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኑ። እንደገና መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ እርስዎ ተተኩ። መንግሥት ሲመጣና ሲሄድ ማኅተሙ ከአንድ ሣጥን ሳይወጣ በመኖሩ እኛ ባለጉዳዮች መንገድ ጠፍቶን አያውቅም። ባለፈው ጥቅምት በጉባኤ ላይ «ሕዝብን ማገልገል በደማችን ያለ ነው» ሲሉ ሰምቼ እጅግ ተደንቄአለሁ። ከአንድ ጥያቄ በቀር ሌላ የለኝም፤ የእኛ የሌሎቻችን ደም መቼ ተመርምሮ ነው ባዶ ሆኖ የተገኘው?

፪ኛ/ እርስዎ ያውቁታል፤ ይህን የምጽፈው ለማያውቅ አንባቢ ስል ነው። ከሸንበቆ ወንዝ የተጠለፈው ቦያችን ለሃያ ስምንት አባወራ ይበቃል። ተራውን የሚያካፍል፣ ቦዩ ሲደረመስ ሰው የሚያስተባብር፣ ባለተራዎች ሲጣሉ መሀል የሚገባው ሰው የውኃ አባት ይባላል። ሟቹ አቶ ካሣሁን ለብዙ ዘመን ይህን ሠርተዋል። እርሳቸው አልጋ ላይ በዋሉባቸው ሰባት ዓመታት ደግሞ ባለቤታቸው ወይዘሮ ካሣነሽ አካፋቸውን ይዘው ወጡ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በውኃ የተጣላ ሰው አላስታውስም። ወይዘሮ ካሣነሽ ተራውን ከግርጌ ይጀምሩ ነበር። ውኃው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ማሳ ይወርዳል፤ ቦዩ እንደ ረጠበ በየማሳው እየተቆረጠ ወደ ላይ ይመጣል። የራሳቸውን ማሳ የሚያጠጡት ከሁሉ ኋላ ነበር።

አቶ ቻላቸው ከኮሌጅ እንደ ተመለሱ ይህን ኋላ ቀር አሠራር ሽረው፣ ስማችንን በኮምፒውተር አስለቅመው፣ በፊደል ተራ ደርድረው፣ ማኅተም አስመትተው ለጠፉልን። ወረቀቱ ማማሩን አልክድም። ነገር ግን በ«ሀ» የምትጀምረው የህይወት ማሳ ከቦዩ ግርጌ ነው፤ ከእርሷ ቀጥሎ የተጻፉት አራት ሰዎች ማሳቸው ከጠለፋው ሥር ነው፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ያለው እንደገና ታች ነው። እነዚያ ላይ ሲያጠጡ የታችኛው ቦይ ይደርቃል፤ ተራው ወደ ታች ሲመለስ ከውኃው ግማሹን ደረቁ ቦይ ይጠጣዋል። እኔ በ«ጠ» የምጀምረው ደግሞ ተራዬ ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ በማኅሌት ቆሜ ሳለሁ አለፈኝ። ቅር ቢለኝ ለአቶ ቻላቸው አመለከትኩ። ፊደሉን እርሳቸው እንዳልሠሩት፣ ቅሬታ ካለኝ ስሜን መለወጥ እንደምችል በጨዋ አንደበት አስረድተውኛል።

፫ኛ/ ስለ ህይወት ልጻፍ፤ እዚህ ላይ ቀልዱ ይከብደኛል። ህይወት ባሏ ከሞተ አራት ዓመቷ ነው፤ ሦስት ልጆች አሏት። አምና ወይዘሮ ካሣነሽ ውኃውን ሲያካፍሉ እስከ ሚያዝያ ድረስ በየሳምንቱ አንድ አህያ ጭነት ድንች አርብ ገበያ ታወርድ ነበር። ዘንድሮ ከገና ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ወረደች፤ እርሱም እንደ ሎሚ ያነሰ ድንች ነው። በወረቀቱ ላይ የመጀመሪያዋ ሆና ሳለ ውኃው የሚደርሳት የመጨረሻውን እርጥበት ያህል ነው። ጊደሯን በጥር ሸጠች። የቀራት አንድ በሬ ነው። ሁለት ተራ እንዲህ ካለፈ እርሱም ገበያ ይወጣል፤ በሬው ከወጣ ክረምቱን የሚያርስላት የለም። አቶ ቻላቸው ምክትል ሊቀመንበር በሆኑበት ዓመት ህይወት ለልጆቿ ምን እንደምታበላ ማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም።

፬ኛ/ ይህ አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም። በጥቅምቱ ጉባኤ አቶ ቻላቸው የውኃ አባት እንዲሆኑ የምትደግፉ እጅ አውጡ ሲባል ከሃያ ስምንታችን ሃያ ሰባታችን አወጣን። አማችዎ የማዳበሪያውን መዝገብ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ብዕራቸውን ይዘው፣ ከፊት ለፊታችን ተቀምጠው ስለነበር እጃችን እንዴት ፈጥኖ እንደተነሣ አልነግርዎትም። ከወጡት እጆች አንዱ የእኔ ነው። ጥምጥሜን እንደ ጠመጠምኩ፣ መስቀሉን ባማተብኩበት እጄ። ያላወጡት ወይዘሮ ካሣነሽ ብቻ ናቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ወደ እኔ አላዩም፤ ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ከእርስዎ በፊት እርሳቸውን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣ «ወይዘሮ ካሣነሽም እኮ ከባላቸው ነው የወረሱት፣ ታዲያ የእኔ ልጅ ከእኔ ቢወርስ ምን ነውር አለው?» ሲሉ ለሽማግሌዎች መናገርዎን ሰምቻለሁ። ጥሩ ክርክር ነው፤ ሳስብበት ሰነበትኩ። የሰው ልጅ የተወለደበትን ቤት አይመርጥም፤ ከሹም ቤት መወለድ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ልጅዎን ንስሓ እንዲገቡ እመክራቸው ነበር። ወይዘሮ ካሣነሽ ግን ከባላቸው የወረሱት አካፋውን ነው። የውኃ አባትነቱን ያገኙት ሰባት ዓመት በጭቃ ውስጥ ቆመው፣ ሃያ ስምንት አባወራ በየቀኑ እያያቸው፣ አንድም ሰው አጎደልሽብኝ ሳይላቸው ነው። የልጅዎ ነገር የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሹመቱ ደርሷቸው አካፋው ሳይነካ ቀረ።

ስለ ውርስ ከጻፍኩ አይቀር የራሴንም ልናዘዝ። እኔ ድጓ የተማርኩት እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነው። እዚያ ተማሪ ዓመት ስለቆጠረ መምህር አይባልም፤ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ዜማውን ከዳር እስከ ዳር ይዘልቃል፤ ሲስት ይመለሳል፤ ሲያጠራ ይመሰከርለታል። የማን ልጅ ነህ የሚባለው ስሙን ለማወቅ ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ልጄ ኪዳን በደብራችን ቦታዬን እንዲወርስ ጓጉቼ፣ ገና ሳይበስል አንድ ገንቦ ማር አስይዤ እንዲመሰከርለት ወደ ቤተ ልሔም ላክሁት። ሦስት ቀን አስዜሙት። በአራተኛው ቀን ልጁም ማሩም ተመለሱልኝ፤ የገንቦው አፍ አልተከፈተም። «ማሩ መልካም ሳይሆን አይቀርም፤ ዜማው ግን ገና ነው» የሚል ቃል ተልኮብኝ ነበር።

ተቆጣሁ። ኪዳን ዛሬ ንፋስ መውጫ ላይ ባጃጅ ይነዳል፤ ጎበዝ ሹፌር ነው፤ መንጃ ፈቃዱንም ተፈትኖ ነው ያገኘው። የእኔን ቦታ የሚረከበው ከስማዳ በእግሩ የመጣ፣ አባቱን እንኳ የማላውቀው ወጣት ነው። በማኅሌት ፊቴ ቆሞ ሲመራ ሆዴ ቅር ይለዋል፤ አልዋሽም። ጆሮዬ ግን አንድ ስሕተት አያገኝበትም። እኔ ስሞት የደብሩ ዜማ አብሮኝ እንደማይቀበር አውቄ በሰላም እተኛለሁ። እርስዎም እንዲህ ያለ እንቅልፍ እንዲያገኙ ከልቤ እመኛለሁ።

ስለሆነም የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። ከእሑዱ ጉባኤ በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁላችንም ቦዩ ዳር እንሰብሰብ። አቶ ቻላቸውም ወይዘሮ ካሣነሽም በየተራ አካፋ ይያዙ፤ እኅታቸው ትዝታም ከፈለጉ ይጨመሩ። ውኃውን ከጠለፋው አንሥተው እስከ ህይወት ማሳ ያድርሱ። ፈጥኖ ያደረሰና ያላባከነ እርሱ የውኃ አባት ይሁን። ልጅዎ ካሸነፉ ከሁሉ ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ፤ በዚህኛው ደብዳቤ ልክ የምስጋና ግልጽ ደብዳቤም እጽፍላቸዋለሁ። ካላሸነፉ ግን ምክትል ሊቀመንበርነቱንም ጭምር ቆም ብለን ብናስብበት፣ ቀበሌው ከአንድ ቤት ውጭ ያሉትን ሰዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ይተዋወቃል።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለሴቶች ማኅበር፣ ለመሬት ኮሚቴ፣ ለማዳበሪያ መጋዘንና ለውኃ አባት ጽሕፈት ቤት ማድረስ ይገባኝ ነበር። ለእራት ሲሰበሰቡ ጮክ ብለው ቢያነቡት ለሁሉም እንደ ደረሰ ስለምቆጥረው ወረቀት ቆጥቤአለሁ።

ጤናና ዕድሜ ከመላው አስተዳደር ቤተሰብዎ ጋር ይስጥልኝ እያልኩ፣ ለአያትዎ ግብር ገባሪ፣ ለአባትዎ ተሰብሳቢ፣ ለእርስዎ እጅ አውጪ፣ ለልጅዎም በፊደል ተራ ከመጨረሻዎቹ አንዱ የሆንኩ፣

ትሑት አገልጋይዎ
መሪጌታ ጥበቡ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ ማልጄ ወደ ደብር ስሄድ በነጭ ሽንኩርት ማሳዎ ውስጥ አካፋ ይዞ ውኃ የሚያካፍል ሰው አየሁ። የራስዎ ተራ ስለነበር ስርቆት አልነበረበትም። ሰውየው ግን አቶ ቻላቸው አልነበሩም፤ ወይዘሮ ካሣነሽ ነበሩ። እርሳቸው ሰላም ብለውኝ ሥራቸውን ቀጠሉ። ቁርስ ይዘውላቸው የመጡት ባለቤትዎ ናቸው «አደራ መሪጌታ፣ ለሰው እንዳይናገሩብን፤ ልጁ ሽንኩርቱን ሊያደርቅብን ሲል አቶ ዓለምነህ ካሣነሽን ጥሪልኝ ብለውኝ ነው» ያሉኝ። አደራቸውን ጠብቄአለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ የጻፍኩት ብቻ ነው። እንግዲህ ለሃያ ሰባታችን ማሳ ልጅዎን፣ ለአንዱ ለራስዎ ማሳ ወይዘሮ ካሣነሽን መርጠዋል። እሑድ እጅ አውጡ ሲባል ይህንኑ ለሽንኩርትዎ ያደረጉትን ምርጫ ለህይወት ድንችም እንዲደግሙት እለምናለሁ።