በሰው ሐር ላይ ያላለቀሱት ወይዘሮ ፕዮ ቡንሬ

ፉሽሽ! ወደ ላውንደሪያቸው ለሚመጣ ሰው በሩን ሳይከፍት የሚቀበለው ይህ የካውያ እንፋሎት ድምፅ ነበር። ከድምፁ ኋላ ወይዘሮ ቡንሬ ቆመዋል።

ወይዘሮ ፕዮ ቡንሬ ከአባታቸው ከአቶ ፕዮ ዶክሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማ ጆምሱን እ.ኤ.አ. በ1952 በኮርያ፣ በኩንሳን ወደብ ተወለዱ። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ታናናሾቻቸው እንዲማሩ ብለው እርሳቸው ስፌት ፋብሪካ ገቡ። በ1977 ከአቶ ናም ቾልጉ ጋር ትዳር መሠረቱ፤ በ1981 ሎስ አንጀለስ ገብተው በዚያው ዓመት አንድ ልጃቸውን ሄራንን ወለዱ። መጀመሪያ ተቀጥረው፣ ኋላም የራሳቸውን ላውንደሪ ከፍተው፣ ዕድሜያቸውን በቁማቸው ጨረሱት። አቶ ቾልጉ «የሄራን እናት፣ ወንበሩን የገዛነው ለደንበኛ ነው እንዴ?» ሲሏቸው፣ «ደንበኞቹ የእኔንም ጨምረው ይቀመጡልኝ» ይሉ ነበር።

በ1994 የእናታቸው መርዶ በስልክ ሲደርሳቸው፣ ካውያው ሥር የሙሽራ ሐር ቀሚስ ነበር። ስልኩን ዘጉ፤ ቀሚሱን ተኩሰው ጨረሱ። ለቀብሩ አልደረሱም። ሄራን አጠገባቸው ቆማ ታይ ነበር።

ሄራን አድጋ ሴኦል ገባች፤ የቴሌቪዥን ድራማ ጸሐፊም ሆነች። ስለ ባሕር ማዶ ኮርያውያን በጻፈችው ድራማ፣ ልብስ ተኳሿ ሴት መርዶ ሰምታ ሐሩ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ሁሉ ድራማውን አይቶ አለቀሰ። ወይዘሮ ቡንሬ ግን ስልክ አንሥተው ለሄራን ደወሉ።

«በሰው ሐር ላይ ማን ያለቅሳል? የእንባ እድፍ እኮ አይለቅም! ሥራ የማላውቅ አስመሰልሽኝ።»

«እማዬ፣ ካላለቀሰች ማዘኗን ማን ያውቅላታል?»

«አንቺ ነሻ! ቆመሽ አይተሽኝ የለ?»

ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ከበዓል በቀር አልተደዋወሉም። ወይዘሮ ቡንሬ የጠበቁት ይቅርታ አልነበረም፤ ልጃቸው ያየችውን እንዳየችው እንድታሳይላቸው ብቻ ነበር።

ሳንባቸውን ሲታመሙ ሄራን መጥታ አስታመመቻቸው። ስለ ድራማው ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት ወንድሞቻቸውና ይህን የጻፈው የወንድማቸው ልጅ ቀርተዋል። አምላክ ለዛሉት እግሮቻቸው በፊቱ ወንበር ያስቀምጥላቸው።

ቤተ ሰቡ እንዲነገር የፈለገው አንድ ነገር ቀርቷል። ከማረፋቸው በፊት በነበረው እሑድ፣ ከአምልኮ መልስ ሁላችን ሳሎን ተቀምጠን የሄራንን አዲስ ድራማ እናይ ነበር። በዚህኛውም ልብስ ተኳሿ መርዶ ሰማች። ስልኩን ዘጋች፤ ወደ ካውያው ተመለሰች። ሙዚቃ የለም፤ እንባ የለም፤ ፉሽሽ ብቻ። ቀሚሱን ሰቀለችው።

ሄራን ፊቷን ወደ እናቷ አላዞረችም። አቶ ቾልጉ ቀስ ብለው፣ «የሄራን እናት፣ አሁንስ?» አሉ።

ወይዘሮ ቡንሬ ያለ ሰው እርዳታ መነሣት ካቆሙ ሰንብተው ነበር። ያን ቀን ብቻቸውን ተነሡ። የለበሱትን ብርድ ልብስ አጠፉ፤ ጠርዙን በመዳፋቸው ዳምጠው ወንበሩ ላይ አኖሩት። ከዚያ ካፖርታቸውን ደርበው፣ የሄራንን ትከሻ ዳሰስ አድርገው፣ እንደ ሥራ ቀናቸው በሩን ከፍተው ወጡ።