ለደስቲን ስታምፐር የተቀነሰው አንድ ዓመት እንዲመለስ

ለማረሚያ ቤቱ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ኖቬምበር 4 ቀን 2019

ጉዳዩ፦ ልጄ እስራቱን ሙሉውን ጨርሶ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

እኔ ቨርሊን ስታምፐር በምሥራቅ ኬንታኪ የምኖር፣ ዕድሜዬን በከሰል ጉድጓድ የፈጀሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ይህን ግን ማንም አልጻፈልኝም። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ልመና ሳቀርብ የመጀመሪያዬ ነው።

1. የላካችሁት ሰው ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ "ደስ ይበልዎት አባባ! ልጅዎ የሱስ ሕክምናውን ጨርሷል፤ አንድ ዓመት ተቀንሶለት ይመጣልዎታል" አለኝ። እጁን ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም።

2. ደስቲን የተፈረደበት አደንዛዥ ክኒን ሲሸጥ ተይዞ ነው። በእናቱ ነገር ማንም አልጠየቀውም። ባለቤቴ ኔቲ በካንሰር ስትማቅቅ፣ ሐኪሙ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ የሕመም ማስታገሻ አዘዘላት። ልጁ "ትራስሽን ላስተካክልልሽ እማዬ" እያለ መድኃኒቱን ለራሱ ሱስ ይልጥና በምትኩ ተራ የቁስል ፕላስተር ይለጥፍላት ነበር። እሷ እየጮኸች፣ "ቨርሊን፣ መድኃኒቱም ጠላኝ እንዴ?" ትለኝ ነበር። ነገሩ የታወቀው ነርሷ ሬሳዋን ስታጥብ ነው።

3. ባለፈው ወር ደወለ። እዚያ ክብ ሠርተው እየተቀመጡ፣ የበደሉትን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ይማራሉ አሉ። "አባዬ፣ ስለ እማዬ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው። ዝም ብለህ ስማኝ፤ ካልጠየቅኩህ አያሳልፉኝም" አለኝ። "እሷን ጠይቃት" ብዬ ዘጋሁበት። እናንተ ግን አሳለፋችሁት።

4. አሁን የኔም ሳንባ በከሰል አቧራ አልቋል። ሐኪሙ የመጪውን ዓመት በረዶ አታየውም ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ያንኑ የሚለጠፍ መድኃኒትም አዞልኛል። ልጁ ሲፈታ እንዲኖር የተመዘገበው ደግሞ እኔ ቤት ነው። ያ የላካችሁት ሰውዬ፣ "አስታማሚ አገኙ እኮ!" ብሎ ሳቀልኝ። ክቡር ሆይ፣ እጄ ጀርባዬ ላይ አይደርስም።

አልዳነም አልልም፤ ድኖ ይሆናል። እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የምጠይቀው ቅናሹ ተሰርዞ ያችን ዓመት እዚያው እንዲጨርስ ብቻ ነው። ቤቱን አልነፈግሁትም፤ ከሱ ሌላ ወራሽ የለኝም። ዓመቱ ሲሞላ እኔ አልኖርም። ያን ጊዜ ይግባ።

ከአክብሮት ሰላምታዬ ጋር
ቨርሊን ስታምፐር
(ፊርማ)