ከኋላዬ የማይጠፋው ሰውዬ

ሸዋገነት እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል? ለቁልቢ ገብርኤል ከድሬዳዋ በእግሬ ተነሥቼ ደንገጎ ዳገት ላይ አረፍ ብያለሁ። እንዳመሌ ቀስ እያልኩ ስሄድ አንድ ሰውዬ ከጧት ጀምሮ ከኋላዬ አልጠፋ አለ። ስቆም ይቆማል፤ ስነሣ ይነሣል። የኛ የደብረ ብርሃን መንገደኛ ቢሆን ገና ከሩቅ ሰላም ይል ነበር። የስለት ጥላዬን ሊመነትፈኝ ነው ብዬ በብብቴ ሸጉጬ፣ "ለምን አታልፍም?" ብዬ ጮኽኩበት።

"አብሽሪ እናቴ፤ ልጄ ከዳነች ከተሳላሚው ሁሉ ኋላ እገባለሁ ብዬ ተስያለሁ። ካንቺ ኋላ ደግሞ ሰው የለም" አለኝ።

ዞሬ ባይ እውነትም መንገዱ ባዶ ነው። ጥላውን ግን አሁንም ከብብቴ አላወጣሁም።

ልጆቹን ሳሚልኝ። መጨረሻ መሆኔን ለማንም እንዳትነግሪ፤ ፖስተኛው እንደሁ ካርዱ ክፍት ስለሆነ አንብቦታል።

ቦጋለች